የኮርቻ ቋጠሮ

ስልኩ ደረቷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከቲሊሊ የመጡት ዘመዶች ገና በሩን እየገቡ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው «ባንቴ! ባንቴ! የፈረሱ ጌታ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ያለምወርቅም እጇን ጡቶቿ መሃል ጭና ስልኩን አፈነችው። ከሩቅ ላያት እሷም ደረቷን የምትደቃ ነበር የምትመስለው። ስልኩ ግን ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራና ደክሞት ዝም አለ።

ዮዲት መሆን አለባት። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ለቅሶ ላይ መሆኗን ያውቃል፤ የማታውቀው ባሕር ዳር ሆስፒታል ያለችው ነርሷ ዮዲት ብቻ ናት። «የናሙናሽ ውጤት ሲመጣ እኔው ራሴ እደውልልሻለሁ፤ እስከዚያ እንዳትጨነቂ» ብላ ነበር የሸኘቻት። እንዳትጨነቂ! ለተናጋሪው እንዴት ይቀላል!

ያለምወርቅ ፍራሹ ላይ ቀኝ እግሯን ከጋቢ ሥር ዘርግታ ተቀምጣለች። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ፣ በውስጥ በኩል፣ አጥንቷ ላይ የዶሮ እንቁላል የምታህል ቋጠሮ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት የኖረች ናት። ሐኪም ናሙና ከወሰደባት ወዲህ ግን በፋሻ ታስራ ሌት ተቀን ትጠዘጥዛታለች። የሟቹ የወንድሟ አጥንት ላይም ይሄው ቋጠሮ ነበረ፤ እሱን ትናንት ቀብረውት መጡ። የሷስ? ዮዲት በስልክ የምትነግራት ይህንኑ ነው። ወይ እንደ ወንድምሽ ነሽ ትላታለች፣ ወይ አይደለሽም ትላታለች። ከሁለት አንዱ ነው፤ ሦስተኛ የለውም።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ለምን ለሰው እንዳልተናገረች ለመረዳት ደግሞ እናቷን ማየት ይበቃል። ማናለብሽ ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ የልጇን የእጅ አንጓ ጨብጣ ይዛ አልለቀቀችም። ስታለቅስም፣ ውሃ ስትጎነጭም፣ እንቅልፍ ሲያዳፋትም እንደያዘች ነው። መቃብሩ አፋፍ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይቺ ባትኖርልኝ ዛሬ አብሬህ እገባ ነበር፣ ልጄ!» ብላ ነበር የጮኸችው። እንዲህ ላለች እናት ምን ብለው ይነግሯታል? «እማ፣ የያዝሽው እጅም አይታመን» ይባላል?

ከግድግዳው ሥር አክስቷ እታለማሁና ጎረቤታቸው ስሜነሽ ንፍሮ እየቆረጠሙ ይንሾካሾካሉ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ መቼም ከጩኸት ይልቅ ይሰማል።

«እኔስ ኮርቻው ነው የበላው ብያለሁ» አለች ስሜነሽ። «መውረድ አያውቅማ! ቀን ፈረስ፣ ማታ ፈረስ። አጥንት ነው እኮ፣ ብረት አይደል።»

«ተይ፣ አባቱ እንዳይሰማሽ!» አለች እታለማሁ። «እሱም ያንኑ ነው የሚለው። እህል እንኳ በአፉ አልዞረም።»

ያለምወርቅ ሰማች። ኮርቻው አለመሆኑን እንደሷ የሚያውቅ የለም። ፈረስ ላይ ወጥታ አታውቅማ!

በነሱ ቤት ቋጠሮ የክብር ነገር ነበር። አባቷ አዝመራው የታወቀ ፈረሰኛ ነው። ጉልበቱ ሥር፣ እግር ኮርቻን ጭምቅ አድርጎ በሚይዝበት በኩል፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቋጠሮ አለው። በበዓል ቀን ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ጠላው ሲደጋገም ሱሪውን ወደ ላይ ይሰበስብና «ያዙት እስቲ! ይሄን እናት አልወለደችውም፤ ኮርቻ ነው የሠራው!» እያለ ያስነካቸዋል። እነሱም እየነኩ ያደንቃሉ። የሌለው ሰው ገና ፈረስ ያልጠገበ ተብሎ ይቀለድበታል። ታዲያ ወንድሟ ባንተአምላክ፣ ባንቴ የሚሉት፣ ኮርቻ መያዝ በጀመረ በዓመቱ እሱም ጉልበቱ ሥር ቋጠሮ አበቀለ። አዝመራው ደስታው ወሰን አጣ፤ በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ፤ «ልጄ የፈረሰኛ ማኅተሙን አወጣ!» አለ። ልጁም እንግዶቹ መሃል እየተንጎራደደ እግሩን ሲያስነካ ዋለ።

ያን ሰሞን ነው ያለምወርቅ ወንዝ ወርዳ እግሯን ስትታጠብ የራሷን ያገኘችው። እዚያው ቦታ ላይ፣ ቁርጥ የወንድሟን። ደነገጠች። በነሱ ቤት ሴት ልጅ ፈረስ ላይ አትወጣም፤ ኮርቻ ያልነካ እግር የኮርቻ ቋጠሮ ማውጣቱ ደግሞ ምን የሚሉት ጉድ ነው? ለእናቷ ለመናገር አፈረች። ለባንቴ ግን ከግቢያቸው ኋላ ወስዳ አሳየችው። በጣቱ ጫን ጫን አደረገና ሳቀባት።

«አንቺ! በሕልምሽ ነው የጋለብሽው?»

«ለሰው ብትናገር አልማርህም!»

«ለማንስ እናገራለሁ? አባባ ከሰማ እኮ የኔን በግ መልሱልኝ ይላል።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ብቻቸውን ሲሆኑ «ፈረሰኛዋ» እያለ ይጠራት ጀመር። እሷም ቀሚሷን አስረዝማ ኖረች። ቋጠሮዋ ከሷ ጋር አደገች፤ እሷ ማደግ ስታቆምም አብራት ቆመች። እዚህ ቆሰበር ከተማ ልብስ ሰፊ ሆና የስፌት መኪናውን ቀን ሙሉ በእግሯ ስትመታ ስትውል አልፎ አልፎ ጠቅ ታደርጋታለች እንጂ ሌላ ነገር አልነበራትም።

«እማ፣ ደጅ ልውጣ» አለች ያለምወርቅ የቲሊሊ ሰዎች ለቅሶ ሲበርድ።

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «ለምን?»

«ደጅ ነዋ እማ! ሰው ደጅ አይወጣም?»

«እታለማሁ፣ አብረሻት ውጪ» አለች እናቷ፤ የእጇን አንጓም ለአክስቷ አስረከበቻት። መቼም እስረኛ እንኳ እንዲህ በእጅ አይቀባበሉትም።

እታለማሁ ክንዷን ይዛ አወጣቻት። በድንኳኑ ጎን ሲያልፉ እድርተኞቹ «አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ» እያሉ ከአግዳሚው ብድግ ብድግ አሉ። ያለምወርቅ እንዳታነክስ ጥርሷን ነክሳ ቀኝ እግሯን እንደ ጤነኛ ረገጠች። ስልኩን አውጥታ ብታይ አንዲት መስመር ኔትወርክ የለችም። በነሱ ሰፈር ስልክ መጥራት ይጠራል፤ ሲያነሱት ግን ድምፅ እየተቆራረጠ ጆሮ ያደርቃል። ደህና አድርጎ የሚሰማው በረቱ በር ላይ ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ አንቺ ግቢ፣ እኔ ትንሽ አየር ልውሰድ።»

«ምን አየር ትያለሽ! ሐዘንተኛ ብቻዋን ትተዋለች? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ እታለማሁ ሽንት ቤቱ በር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ስትወጣም ክንዷን ተቀብላ ወደ ፍራሹ መለሰቻት። እናቷ እጇን ተረከበች። ስልኩ አንድ ጊዜ ነዘረና ዝም አለ።

ባንቴን የገደለው ጉልበቱ ሥር ያለው ቋጠሮ አልነበረም። ሌላ ነበረው፤ ወደ ዳሌው፣ ከጭኑ ራስ ላይ። ሙሉ ሰው ከሆነ በኋላ፣ ቁመቱ ከቆመ ስንት ጊዜው፣ ያቺ ቋጠሮ ግን ማደጓን አላቆመችም። አዝመራው ዳሰሰና «ይሄኛው ደግሞ የመቀመጫው ነው» አለ። የባንቴ ጓደኛ ደጉም «ባንቴ ከኮርቻው ጋር ሊጣበቅ ነው!» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ሲያመው ወጌሻ አሸው፤ ሲብስበት ጠበል ገባ። ሐኪም ቤት ማን ትዝ ይለዋል? በነሱ አገር በቋጠሮ ሐኪም ቤት የሚሄድ ፈረሰኛ የለም፤ በማዕረግ ታመምኩ እንደ ማለት ነው።

በመጨረሻ ፈረስ ላይ መውጣት ሲያቅተው ዳማ ፈረሱን እየሳበ ሜዳ ለሜዳ ይዞት ይሄድ ነበር። አንድ ሁለት እርምጃ ይራመድና እግሩ እምቢ ሲለው ቆም ይላል። ፈረሱ መጀመሪያ ይጎትተው ነበር፤ ኋላ ለመደ። የባንቴ እግር ሲያነክስ አይቶ አብሮት ቆም ይላል፤ ሲነሳ አብሮት ይነሳል። ያን ጊዜ ያለምወርቅ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱን ከሩቅ እያየች ዕንባዋን በነጠላዋ ትጠርግ ነበር።

ባሕር ዳር ይዛው የሄደችው እሷ ናት። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየና ቀስ ብሎ ነገራቸው። እንዲህ ያለው የአጥንት ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ ሰው ተሸክሞት ያረጃል። ሰውየው ማደግ ካቆመ በኋላ ቋጠሮው እያደገ ከሄደ ነው የሚያስፈራው። የባንቴ ዳሌ ላይ ያለው ተለውጧል፤ ካንሰር ሆኗል፤ ሳንባውም ላይ ደርሷል።

«ከኮርቻ ነው፣ ዶክተር?» አለ ባንቴ።

«ከኮርቻ? አይደለም። በደም የሚወርድ ነው፤ ከእናት ወይ ከአባት። ቤተሰባችሁ ውስጥ ሌላ ቋጠሮ ያለው ሰው አለ?»

ያለምወርቅ መሬት መሬት አየች። ባንቴ ግን ጣቱን ቀሰረባት።

«እሷን እያት። የኔን አይተኸዋል፣ አልቋል። እሷን ሳታይ መርፌህን አልወጋም።»

«ባንቴ፣ ተው!»

«አልተውም፣ ፈረሰኛዋ። ቀሚስሽን ከፍ አድርጊ።»

ሐኪሙ አየ፤ ራጅ አስነሳት። ሕመሙ በቅርቡ ብሶባት ስለነበር ለማረጋገጥ ናሙና ወሰደ። ያን ዕለት ማታ ባንቴ አልጋው ላይ ሆኖ እጇን ያዘና አስማላት።

«ለአባባ እንዳትነግሪ። ኮርቻው ነው ብለው ይኑሩ። ኮርቻ ይሸጣል፤ ደም የት ወስደው ይሸጡታል?»

ማለችለት። ሊሞት ለተዘጋጀ ወንድም እምቢ ይባላል? ከዚያ ሐኪሞቹ ወደ ቤቱ ይዘሽው ግቢ አሏት፤ ይዛው ገባች፤ የእሷ ውጤት ሳይመጣ እሱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደጉ ከደጅ ገብቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ፊቱ በልቅሶ አብጧል።

«እማማ ማናለብሽ፣ ዳማው ውሃ እምቢ አለኝ። ሬሳው ከወጣ ጀምሮ አፉን አላስነካም። ያለምወርቅ ብታጠጣው ምናልባት…»

ያለምወርቅ እናቷ አፏን ሳትከፍት ተነሥታ ቆመች። እግሯ ሲጠዘጥዝ ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ሰው ለወንድሟ ነው ብሎ ከንፈሩን መጠጠላት። ማናለብሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ቶሎ ነይ» አለቻት። «ካላየሁሽ ነፍሴ አይመለስም።»

በረቱ በር ላይ ኔትወርኩ መጣ። ያለምወርቅ ባልዲውን አስቀምጣ ደወለች።

«አንቺ ልጅ!» አለች ዮዲት። «ስንቴ ደወልኩ! ምነው አታነሺም? ስሚኝ፣ ውጤትሽ መጥቷል። ክፉ አይደለም። ሰማሽ? ክፉ አይደለም፤ ደህና ነሽ።»

ያለምወርቅ የበረቱን ምሰሶ ያዘች።

«ግን ችላ እንዳትዪው። በየዓመቱ መጥተሽ ትታዪያለሽ፤ ካደገ ወይም ሕመሙ ከባሰ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ። የወንድምሽም ሲጀምር እንዳንቺው ነበር፣ ታውቂያለሽ። እሱስ እንዴት ነው? በረታ?»

«ደህና ነው» አለች ያለምወርቅ። «እግዜር ይመስገን።»

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። ሰው ሰላም ሲላት የኖረችበት መልስ ነው፤ ሳይጠሩት መጣ። ዮዲት «በይ ሰላም በይልኝ» ብላ ዘጋች።

ዳማው አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ያለምወርቅ ፊቷን ጋማው ውስጥ ቀበረች። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነበር፤ እውነቱ ይነገር። እኖራለሁ አለች በልቧ፤ እግሬ የኔ ነው፣ መኪናዬ ላይ እቀመጣለሁ፣ የሰርግ ልብስ እሰፋለሁ። ወዲያው ደግሞ ኀፍረቱ መጣባት። አፈሩ ሳይደርቅ! አንድ ቤት፣ አንድ ደም፣ አንድ ቋጠሮ፤ እሱ ከመሬት በታች፣ እሷ ከመሬት በላይ። ይሄን የምሥራች ይዛ ወዴት ትሂድ? «ደስ ይበላችሁ፣ እኔ ተርፌአለሁ» ብላ ድንኳን ትገባለች? ፍርሃቱን ብቻዋን ስትሸከም የሚያወርድላት ቀን አለ ብላ ነበር። ደስታውን ግን የሚያወርድላት የለም። አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ፈረሱ ቆሞ ጠበቃት።

«አልቅሺ» አለ ከኋላዋ የአባቷ ድምፅ። «አልቅሺ ልጄ።»

አዝመራው የባንቴን ኮርቻ ታቅፎ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቀችም። ስልኩን ሰምቶ ይሆን ብላ ደነገጠች፤ አልሰማም። ዓይኑ ኮርቻው ላይ ነው።

«ይሄ ነው የገደለው» አለ። «በገዛ እጄ ነው የጫንኩበት። እሱ ሕፃን ሆኖ ይፈራ ነበር፤ እኔ ነኝ ‹ውጣ፣ ወንድ አይደለህም?› ያልኩት። ቋጠሮ ሲያወጣ ደግሞ በግ አረድኩ። በልጄ ሞት በግ አረድኩ እኮ፣ ያለም!»

«አባባ፣ እንዲህ አይበሉ!»

«ነገ ሠልስቱ ሲያበቃ ኮርቻውን አቃጥለዋለሁ። ፈረሱን ደጉ ይውሰደው። ከእንግዲህ በዚህ ግቢ የፈረስ ዳና አልሰማም።»

ኮርቻው አይደለም ብትለው እንዴት አወቅሽ ይላታል። እግሯን ብታሳየው ኮርቻውን ከላዩ ታወርድለታለች፤ በምትኩ ደሙን ትጭንበታለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ መሐላው አለ። በየትም ብትዞር ግድግዳ ነው።

«ነገ በለቅሶው ሜዳ ዳማውን አንቺ ነሽ የምትስቢው» አለ አባቷ። «የሟች ወንድም ነበር የሚስበው። ሌላ ወንድ የለኝም።»

«እኔ? ያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«እና ማን? ደጉ ባዳ ነው። የወንድምሽን ፈረስ ባዳ ይሳበው?»

እሺ ከማለት ሌላ ምን አላት? እሺ አለች።

በማግሥቱ ሜዳው ሰው ብቻ ሆነ። ከአዲስ ቅዳም፣ ከዳንግላ፣ ከየቦታው ፈረሰኛ መጥቶ ፈረሱን በልጓም ይዞ በዙሪያው ቆመ። ሴቶቹ አንዱን ሙሾ በአማርኛ ሲጨርሱ ሌላውን በአዊኛ ይቀበላሉ። ዳማው ተጭኗል፤ ጌጠኛው የኮርቻ ልብስ፣ ግላሱ፣ ተደርቦለታል፤ ባዶው ኮርቻ ላይ የባንቴ ካባና አለንጋው ተቀምጧል። ደጉ ልጓሙን ለያለምወርቅ ሰጣትና ፊቱን አዞረ።

አንድ ዙር ብቻ ነው፣ አለች ለራሷ። ከሜዳው ዳር ካለው ዋርካ ተነሥቶ ዋርካው መመለስ። ቀና ብላ ጀመረች። ሁለት ሳትራመድ እግሯ ከዳት፤ ቀኝ ጉልበቷ እጥፍ አለ። ጥርሷን ነክሳ ቆመች። ዳማውም ቆመ።

ሳበችው፤ መጣ። ደግማ ስታነክስ ደግሞ ቆመ። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ እግሯ ዘንድ እያየ፣ እስክትነሳ ጠበቃት። ስትነሳ ተነሳ።

«ወይኔ ወንድሞቼ!» ብሎ ደጉ ጮኸ። «ባንቴን እየጠበቀው ነው! ፈረሱ ባንቴን እየጠበቀው ነው!»

ሕዝቡ አንድ ላይ አነባ። ፈረሰኞቹ በየፈረሳቸው አንገት ላይ ተደፉ። ሴቶቹ መሬት ወደቁ። ያ ሁሉ ሰው ፈረሱን ነበር የሚያየው። አዝመራው ብቻ ፈረሱን አላየም። ፈረስ አዋቂ ነዋ፤ ፈረስ ያለ ነገር እንደማይቆም ያውቃል። የልጁን እግር አየ።

ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ፊቷ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም አልሆንኩ፣ አባባ። ደክሞኝ ነው።»

«ለኔ ነው እንዲህ የምትዪው?» አለና ሣሩ ላይ ተንበረከከ። እጁን በቀሚሷ ላይ ከጉልበቷ ዝቅ አደረገ። ቦታውን መፈለግ አላስፈለገውም፤ እጁ ያውቀዋል። ፋሻውን ዳሰሰ፣ ከፋሻው ሥር ቋጠሮዋን አገኘ። እዚያው ቆየ።

«አንቺ ፈረስ ላይ ወጥተሽ አታውቂም።»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

ማናለብሽ እየተደናቀፈች ደረሰች፤ የባሏ እጅ ያለበትን ቦታ አየች።

«ምንድን ነው? ያለም! ምንድን ነው እሱ?»

«ክፉ አይደለም፣ እማ! ሐኪም አይቶታል። ትናንት ነው የነገሩኝ። ክፉ አይደለም!»

«የሱንም ክፉ አይደለም ብለን ነበር!» ብላ እናቷ ጮኸች። ሙሾው ቆመ። «የሱንም ክፉ አይደለም ብለን ስቀን ነበር! ኧረ የሰው ያለህ! ይቺንም? ይቺንም ልትወስድብኝ?»

ያለምወርቅ እናቷን አቀፈቻት። ምን ብላ ታሳምናት? ያላት ቃል ያው የተሳሳቱበት ቃል ነው፤ ሌላ ቃል ሐኪሙም አልሰጣትም።

አዝመራው ከተንበረከከበት ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበ። እንደ ጥንቱ አልፎከረም። የሚስቱን እጅ ይዞ ወደ ታች ሳባትና የራሱ ቋጠሮ ላይ አሳረፈው።

«ይሄም ክፉ አይደለም፣ ማናለብሽ። ስታገቢኝ ነበረ። ይኸው አርጅቼበታለሁ። የሷ የኔን ነው የወረሰችው።» ከዚያ ድምፁ ሰለለ። «የሱም ከኔ ነበረ። ኮርቻው አይደለማ! ከኔ ነው።»

«አባባ፣ ባንቴ ያውቅ ነበር» አለች ያለምወርቅ። ከእንግዲህ መሐላውን የምትጠብቅለት ሰው የለም። «እንዳትነግሪያቸው ብሎ አስምሎኝ ነበር።»

«ምን ብሎ?»

«‹ኮርቻ ይሸጣል፤ ደም የት ወስደው ይሸጡታል› ብሎ።»

አዝመራው ሳቀ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በልጁ ሠልስት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳቀ፤ ባንቴ እንጂ ሌላ ሰው እንዲህ አይልማ! ሳቁ መንገድ ላይ ተሰበረና ልጁ ከሞተ ወዲህ ያልመጣለት ልቅሶ መጣ። ግንባሩን በያለምወርቅ ቀሚስ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማንም አላስነሳውም።

ሲበቃው ተነሣ። ሊያቃጥለው ወደነበረው ኮርቻ ሄደ። የባንቴን ካባ አንሥቶ አራገፈና ያለምወርቅ ትከሻ ላይ ደረበው። አለንጋውን ለማናለብሽ አስያዛት። መቀነቻውን ፈትሾ አጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የግራውን እርካብ በሁለት እጁ ያዘላት።

«ውጪ» አለ።

«አያ አዝመራው» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ሴት ልጅ እኮ…»

«ውጪ፣ ልጄ።»

ግራ እግሯን እርካቡ ውስጥ አገባች። አባቷ ከታች ደገፋት፤ ደጉ ከወዲያ በኩል ሮጦ ቀኙን እግሯን ቀስ አድርጎ አሻገረላት። ስትቀመጥ ቋጠሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮርቻ ነካ። አመማት፤ ዓይኗን ጨፈነች። እናቷ ከታች አንጋጣ ታያታለች፤ ባዶ የቀረው እጇ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ነው።

አዝመራው ልጓሙን ለማናለብሽ ሰጣት። እሱ ጎን ሆኖ እርካቡ ውስጥ ያለውን የልጁን እግር በመዳፉ ሸፈነው፤ እንደያዘውም አብሮ መራመድ ጀመረ። ዳማው ከዚያ ወዲያ አልቆመም።